በቫይረስ የተጠቃ የቤት ኮምፒውተር እንዴት ይታከማል? ከ“ፎርማት” በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

ኮምፒውተር ከመሥሪያ ቤት አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት ከገባ ቆይቷል። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የመምህሩ የትምህርት ማስታወሻ፣ የነጋዴው የሂሳብ መዝገብ፣ የቤተሰቡ የሠርግና የክርስትና ፎቶግራፍ በአንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ተጠራቅመው ይገኛሉ። ብዙውን ጊዜም ሌላ ቅጂ የላቸውም። ይህ ኮምፒውተር በቫይረስ በተጠቃ ጊዜ ባለቤቱ በቅድሚያ የሚሰማው ምክር “ፎርማት ይደረግ” የሚል ነው። ምክሩ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም። ያለጊዜው የተፈጸመ እንደሆነ ግን ቫይረሱ ያልነካውን መረጃ የሚያጠፋው ጥገናው ራሱ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ቫይረስ በኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ፣ ለምን ለመታየት አስቸጋሪ እንደሚሆን፣ ፋይል ሲሰረዝና ዲስክ ፎርማት ሲደረግ በዲስኩ ላይ ምን እንደሚፈጸም፣ በመጨረሻም ሕክምናው በምን ቅደም ተከተል መከናወን እንዳለበት እንመለከታለን። ከሁሉ በላይ ልናስረዳ የምንፈልገው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የተበከለ ኮምፒውተር ስለ ራሱ ጤንነት የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንም። ስለሆነም ምርመራውም ሕክምናውም ከውጭ መጀመር አለበት።

ቫይረስ ምንድን ነው?

የኮምፒውተር ቫይረስ እንደማንኛውም ሶፍትዌር በሰው የተጻፈ ፕሮግራም ነው። ከሌሎች ፕሮግራሞች የሚለየው የራሱን ቅጂ በሌላ ፕሮግራም፣ በሌላ ዲስክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚያኖር በመሆኑ ነው። ራሱን የሚያባዛ ማሽን ሊኖር እንደሚችል በንድፈ ሐሳብ ያሳየው ታዋቂው የሂሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1949 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሰጣቸው ትምህርቶች እርሱ ከሞተ በኋላ በ1966 በመጽሐፍ ውስጥ ታትመዋል።

ሐሳቡ ከጊዜ በኋላ ከወረቀት ወደ ተግባር ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በ1982 ሪች ስክሬንታ የተባለ አሜሪካዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪ ለአፕል 2 ኮምፒውተር “ኤልክ ክሎነር” የተሰኘ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ በፍሎፒ ዲስክ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይተላለፍ ነበር፤ የተበከለው ዲስክ ኮምፒውተሩን ለ50ኛ ጊዜ ሲያስነሣም አንድ ግጥም በመስኮቱ ላይ ያሳይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ፍሬድ ኮኸን እንዲህ ያለውን ፕሮግራም በሳይንሳዊ ሙከራ ፈተሸው። “ቫይረስ” የሚለውን ስያሜ ያቀረበለት መምህሩ ሌናርድ አድልማን ነው። ኮኸን በዩኒክስ በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ባደረጋቸው አምስት ሙከራዎች ሁሉ ቫይረሱ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የኮምፒውተሩን ሙሉ ሥልጣን ለመቆጣጠር ችሏል።

ባለሙያዎች ከቫይረስ ጎን ሌሎች ስሞችንም ይጠቀማሉ። የሰው እጅ ሳያስፈልገው በመረብ ላይ በራሱ የሚዛመተውን “ትል”፣ ጠቃሚ ፕሮግራም መስሎ የሚገባውን “የትሮይ ፈረስ”፣ ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውን ደግሞ “ራንሰምዌር” ይሉታል። በዕለት ተዕለት ንግግር ግን ሁሉም “ቫይረስ” ስለሚባሉ እኛም በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ልማድ ተከትለናል።

እዚህ ላይ ለሕክምናው መሠረት የሆነ አንድ ነጥብ መጨበጥ ያስፈልጋል። በዲስክ ላይ የተቀመጠ ቫይረስ በራሱ ምንም አያደርግም። ጉዳት የሚያደርሰው ትእዛዛቱ ወደ ማህደረ ትውስታ ተጭነው በፕሮሰሰሩ ሲፈጸሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ያለበትን ዲስክ ቫይረሱን ሳያስነሡ ማንበብ ከተቻለ፣ ቫይረሱ እንደማንኛውም ፋይል የሚታይና የሚሰረዝ ግዑዝ ነገር ይሆናል።

የተበከለ ኮምፒውተር ምስክርነት

በፊዚክስ ቤተ ሙከራ አንድ ሚዛን ትክክል መሆኑን የምናረጋግጠው ንባቡን ደጋግመን በማየት አይደለም። ክብደቱ አስቀድሞ የታወቀ የሚዛን ድንጋይ ከውጭ አምጥተን በመጫን ነው። የተዛባ ሚዛን መቶ ጊዜ ቢነበብ መቶ ጊዜ ያንኑ የተዛባ ውጤት ይሰጣል።

በኮምፒውተርም ረገድ ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ለማየት ስንፈልግ ዝርዝሩን የሚሰጠን ስርዓተ ክወናው ነው፤ ለምሳሌ ዊንዶውስ። ፀረ-ቫይረስ ፕሮግራምም በአብዛኛው ፋይሎችን የሚያነበው በዚሁ በስርዓተ ክወናው አማካይነት ነው። ቫይረሱ የስርዓተ ክወናውን ሥልጣን የያዘ እንደሆነ በጥያቄውና በመልሱ መካከል ገብቶ የራሱን ስም ከዝርዝሩ ሊያወጣ፣ የፀረ-ቫይረሱን ሥራም ሊያስቆም ይችላል።

ይህ የግምት ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 በላሆር ከተማ፣ ፓኪስታን፣ ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ ወንድማማቾች የጻፉት “ብሬን” የተሰኘው ቫይረስ የአይ ቢ ኤም ዓይነት የግል ኮምፒውተሮችን በማጥቃት የመጀመሪያው እንደሆነ ይታወቃል። ወንድማማቾቹ ቫይረሱን የጻፉት ያዘጋጁትን የሕክምና ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ የሚቀዱትን ለመከታተል እንደነበር ተናግረዋል። ቫይረሱ የሚቀመጠው በፍሎፒ ዲስኩ የመጀመሪያ ክፍል፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲነሣ በቅድሚያ በሚያነበው ቡት ሴክተር ላይ ነበር። የሚደንቀው ግን መደበቂያው ነው። ቫይረሱ በማህደረ ትውስታ ውስጥ እያለ አንድ ሰው ይህን ክፍል ለመመርመር ሲሞክር፣ ቫይረሱ ጥያቄውን ጠልፎ አስቀድሞ በሌላ ስፍራ ያኖረውን ንጹሑን ክፍል ያሳየው ነበር። መርማሪውም ዲስኩ ጤናማ ነው ብሎ ይደመድማል። ያንኑ ዲስክ በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ያነበበ ሰው ግን ቫይረሱን በግልጽ ያየው ነበር።

ከ22 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2008 መዛመት የጀመረው “ኮንፊከር” በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ተግባር ፈጽሟል። የዊንዶውስን ማሻሻያ አገልግሎት ያጠፋ ነበር፤ የፀረ-ቫይረስ ድርጅቶችን ስም የያዙ የኢንተርኔት አድራሻዎችም እንዳይከፈቱ ያግድ ነበር። የታመመው ኮምፒውተር መድኃኒቱን ፈልጎ እንዳያገኝ መንገዱ ተዘግቶበት ነበር ማለት ነው።

ፍጹም ፀረ-ቫይረስ ለምን አይኖርም?

ብዙ ሰዎች ፀረ-ቫይረሱ “ምንም አልተገኘም” ካለ ኮምፒውተሩ ንጹሕ መሆኑ ተረጋገጠ ብለው ያምናሉ። ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1984 ባቀረበው ጽሑፍ ይህ እምነት በመርሕ ደረጃ ትክክል ሊሆን እንደማይችል አሳይቷል። አስተያየቱ አጭር ስለሆነ እንዲህ ልናቀርበው እንችላለን።

ማንኛውንም ፕሮግራም መርምሮ “ቫይረስ ነው” ወይም “ቫይረስ አይደለም” ብሎ ያለ ስሕተት የሚፈርድ አንድ ፍጹም መርማሪ አለ እንበል። አሁን ይህን መርማሪ በውስጡ የያዘና ስለ ራሱ የሚጠይቅ ሌላ ፕሮግራም እንጻፍ። ትእዛዙም እንዲህ የሚል ይሁን፤ “መርማሪው ቫይረስ ነህ ካለኝ ምንም አላደርግም፤ ቫይረስ አይደለህም ካለኝ ራሴን አባዛለሁ።” መርማሪው “ቫይረስ ነው” ቢል ፕሮግራሙ ስለማይባዛ ፍርዱ ስሕተት ይሆናል። “አይደለም” ቢልም ፕሮግራሙ ስለሚባዛ ፍርዱ አሁንም ስሕተት ነው። ስለዚህ ፍጹም መርማሪ ሊኖር አይችልም።

ይህ ማለት ግን ፀረ-ቫይረስ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ፀረ-ቫይረሶች በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይሠራሉ። አንደኛው የታወቁ ቫይረሶችን መለያ ምልክት በፋይሎች ውስጥ መፈለግ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የፕሮግራሙን ጠባይ ተከታትሎ አጠራጣሪ ድርጊት ሲፈጽም ማስቆም ነው። ሁለቱም ብዙ ጥፋት ይከላከላሉ። ነገር ግን “ምንም አልተገኘም” የሚለው መልስ “እኔ የማውቀው ነገር አልተገኘም” ተብሎ ሊተረጎም ይገባል።

የጠፉ የሚመስሉ ፋይሎች

በአገራችን ቫይረስ በሰፊው ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ዲስክ ነው። ፍላሹ ከቤት ወደ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት፣ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ይዘዋወራል፤ በየደረሰበትም በአንድ ቀን ብዙ ሰዎች በሚገለገሉባቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይሰካል። ቀደም ባሉት ዓመታት ዊንዶውስ በፍላሹ ላይ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሣበት “አውቶራን” የተሰኘ አሠራር ነበረው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው በዊንዶውስ 7 ላይ ይህን አሠራር ለፍላሽ ከለከለ፤ በ2011 ደግሞ ለቀደሙት ለኤክስፒና ለቪስታ ተመሳሳይ ማሻሻያ አሠራጨ።

በሩ ሲዘጋ የቫይረስ ጸሐፊዎች ተጠቃሚውን ራሱን በር ከፋች አደረጉት። በተለምዶ “የሾርትከት ቫይረስ” የሚባለው በፍላሹ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቅና በእያንዳንዱ ምትክ ተመሳሳይ ስምና ምስል ያለው ሾርትከት ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ፎልደሩን የከፈተ መስሎት ሾርትከቱን ሲጫን በመጀመሪያ ቫይረሱ ይነሣል፤ ቀጥሎ እንዳይጠረጠር እውነተኛው ፎልደር ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንድ አሳዛኝ ነገር ይከሰታል። ፀረ-ቫይረሱ ሾርትከቶቹን ሲሰርዝ ፍላሹ ባዶ መስሎ ይታያል። ባለቤቱም ጽሑፉ ሁሉ እንደጠፋ አምኖ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ፋይሎቹ ግን አልጠፉም፤ “የተደበቀ” እና “የስርዓቱ” የሚሉ ሁለት ምልክቶች ተለጥፈውባቸው እንጂ በቦታቸው ናቸው። ለዚህም ቀላል ፍተሻ አለ። ፍላሹ ባዶ መስሎ እያለ የተያዘው ቦታ ለምሳሌ 3 ጊጋባይት ነው ከተባለ ፋይሎቹ በውስጡ እንዳሉ ያመለክታል። በዊንዶውስ የፎልደር አማራጮች ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ፣ የተጠበቁ የስርዓቱ ፋይሎችም እንዳይደበቁ በማዘዝ ማየት ይቻላል። “አትሪብ” በተሰኘው ትእዛዝም ምልክቶቹን ማንሣት ይቻላል። አንዳንድ ጊዜ ፋይሎቹ ስም በሌለው ፎልደር ውስጥ ተሰብስበው ስለሚገኙ ይህንንም መክፈት ያስፈልጋል።

መሰረዝና ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ምን ያደርጋሉ?

በሃርድ ዲስክ ላይ መረጃ የሚጻፈው በስስ የማግኔት ንጣፍ ላይ ነው። ንጣፉ እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክልሎች የተከፋፈለ ሲሆን በየክልሉ ያለው የማግኔትነት አቅጣጫ ሊለወጥ ይችላል። አቅጣጫው ከአንዱ ክልል ወደ ቀጣዩ መለወጡ ወይም አለመለወጡ የ1 እና የ0ን መረጃ ይይዛል። ፋይሉ በየትኛው ስፍራ እንደተጻፈ የሚናገር ሠንጠረዥም በዲስኩ ላይ አለ፤ ከመጽሐፍ ማውጫ ጋር ልናመሳስለው እንችላለን።

ፋይል ሲሰረዝ በሃርድ ዲስክ ላይ የሚለወጠው በአብዛኛው ማውጫው ብቻ ነው። ስፍራው “ነጻ ነው” ተብሎ ይመዘገባል፤ በገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ሌላ ጽሑፍ እስኪጻፍበት ድረስ ይቆያል። “ፈጣን ፎርማት” የሚባለውም አሮጌውን ማውጫ በአዲስ ባዶ ማውጫ ይተካል እንጂ ዲስኩን በሙሉ አይደመስስም። ስለዚህ በስሕተት ፈጣን ፎርማት የተደረገ ሃርድ ዲስክ ወዲያው ከአገልግሎት ከተወገደ በመረጃ ማውጫ ፕሮግራሞች አማካይነት ብዙ ፋይል ሊገኝበት ይችላል። ፕሮግራሙ በሌላ ኮምፒውተር ላይ መጫን፣ የተገኙት ፋይሎችም በሌላ ዲስክ ላይ መቀመጥ አለባቸው። በዚያው ዲስክ ላይ አዲስ ዊንዶውስ መጫን ግን በአሮጌው ጽሑፍ ላይ ደርቦ መጻፍ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተደረበበትን ክፍል መመለስ አይቻልም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። አንደኛ፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሙሉ ፎርማት በዲስኩ ላይ በሙሉ ዜሮ ስለሚጽፍ መረጃው እንዲመለስ ተስፋ የሚደረግበት ምክንያት የለም። ሁለተኛ፣ በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ የሚገኘው ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው ዲስክ መረጃውን የሚይዘው በማግኔት ሳይሆን በጥቃቅን ሴሎች ውስጥ በታሠረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው። ፋይል ሲሰረዝ ስርዓተ ክወናው “ትሪም” በተሰኘ ትእዛዝ ለዲስኩ ያሳውቃል፤ ዲስኩም ሴሎቹን ለአዲስ ጽሕፈት ያጸዳቸዋል። ስለሆነም ከኤስ ኤስ ዲ ላይ የተሰረዘን ፋይል የመመለስ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። በሃርድ ዲስክ ዘመን የነበረው “ፎርማት ቢደረግም ይመለሳል” የሚል መጽናኛ ለዛሬው ኮምፒውተር አይሠራም።

የሕክምናው ቅደም ተከተል

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ሕክምናው በሚከተለው ቅደም ተከተል ቢከናወን ይመረጣል።

ሀ. ማግለል። ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔትና ከማንኛውም መረብ ማለያየት፣ ሌላ ፍላሽ አለመሰካት፣ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሥራ፣ በተለይም የባንክና የኢሜይል፣ በእርሱ ላይ አለመሥራት ያስፈልጋል። በቁልፍ ሰሌዳው የሚጻፈውን ሁሉ የሚቀርጹ ቫይረሶች አሉና።

ለ. በሽታውን መለየት። ኮምፒውተር በዝግታ ሠራ ማለት በቫይረስ ተያዘ ማለት አይደለም። አቧራ የሞላበት ማቀዝቀዣ፣ ያነሰ ማህደረ ትውስታ፣ ወይም ሊሰበር የተቃረበ ሃርድ ዲስክ ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ሃርድ ዲስኩ ያልተለመደ የመንኳኳት ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ በሽታው የመካኒክ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዲስኩን ለረጅም ሰዓት በፀረ-ቫይረስ ማስፈተሽ ያደክመዋል፤ ማብራቱ ራሱ ጉዳቱን ሊያባብስ ስለሚችል ብቸኛ ቅጂ ከሆነ ወደ ባለሙያ መውሰዱ ይበጃል።

ሐ. መረጃን ማውጣት። ንጹሕ መሆኑ በታወቀ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ከፍላሽ የሚነሣ ስርዓተ ክወና ይዘጋጃል። ለዚህም እንደ ኡቡንቱ ያሉ ነጻ የሊኑክስ ዓይነቶች ያገለግላሉ። የታመመው ኮምፒውተር ሲበራ “ቡት ሜኑ” ከተባለው ዝርዝር ይህ ፍላሽ ይመረጣል። በዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ ስላልተነሣ በውስጡ ያለው ቫይረስም አልተነሣም፤ ቀደም ሲል የተደበቁት ፋይሎችም ይታያሉ። ከዚያም ጽሑፎች፣ ፎቶግራፎችና የሂሳብ ሠንጠረዦች ወደ ውጫዊ ዲስክ ይገለበጣሉ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው ዘዴ የተመሠጠረ ከሆነ ግን የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድሞ ማግኘት ግድ ነው።

ፕሮግራሞች፣ የመጫኛ ፋይሎችና ሾርትከቶች አይገለበጡም፤ ሌላ ቅጂ ይገኝላቸዋልና። የሚገለበጠው ፋይል የስሙ መጨረሻ በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል። ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ የፋይሉን ዓይነት የሚገልጸውን የመጨረሻ ክፍል ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ዓለምን ያጥለቀለቀው “አይ ላቭ ዩ” የተሰኘው ትል የተጠቀመው በዚሁ ነበር፤ ተራ የፍቅር ደብዳቤ የሚመስለው ፋይል በእርግጥ የሚነሣ ፕሮግራም ነበር። የወርድና የኤክሴል ሰነዶችም “ማክሮ” የሚባል ትእዛዝ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ በኋላ ሲከፈቱ ማክሮው እንዲሠራ መፍቀድ አይገባም።

መ. ከውጭ መፈተሽ። መረጃው ከወጣ በኋላ ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ሳይነሣ በሚሠራ ፀረ-ቫይረስ ይፈተሻል። በዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያለው “ዲፌንደር” ከመስመር ውጭ ፍተሻ የሚል ምርጫ አለው፤ ሲታዘዝ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በማስነሣት ቫይረሱ ከመንቃቱ በፊት ይፈትሻል። ቫይረሱ ይህንኑም አሰናክሎ ከሆነ ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ የተዘጋጀ የማዳኛ ፍላሽ መጠቀም፣ ወይም ሃርድ ዲስኩን አውጥቶ እንደ ውጫዊ ዲስክ በንጹሕ ኮምፒውተር ላይ ማስፈተሽ ይቻላል።

ሠ. መወሰን። የተገኘው የታወቀና ቀላል ቫይረስ ከሆነ፣ ከጸዳ በኋላም ምልክቱ ካልተመለሰ ማጽዳቱ ሊበቃ ይችላል። ቫይረሱ ተመልሶ ከመጣ፣ የስርዓተ ክወናውን ሥልጣን ይዞ ከነበረ፣ ወይም በኮምፒውተሩ የባንክ ሥራ የሚሠራበት ከሆነ ግን ዲስኩን ደምስሶ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን የተሻለ ነው። ፎርማት ተገቢውን ስፍራ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ መረጃው በሌላ ቦታ መኖሩና መከፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ።

ረ. ከንጹሕ ምንጭ መጫን። መጫኛው ከአምራቹ የተገኘና በንጹሕ ኮምፒውተር የተዘጋጀ መሆን አለበት። ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረውና “ክራክ” የተጨመረበት ቅጂ ከመጀመሪያውኑ የተበከለ ሊሆን ይችላል። ብዙዎቹ ክራኮች ፀረ-ቫይረሱ እንዲጠፋ መጠየቃቸው ራሱ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው። ለሶፍትዌር የሚከፈለው ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ ከባድ መሆኑን እንገነዘባለን፤ መፍትሔው ግን ያልታወቀ ቅጂ ሳይሆን እንደ ሊኑክስና ሊብሬ ኦፊስ ያሉ ያለ ክፍያ በሕጋዊ መንገድ የሚገኙ ፕሮግራሞች ናቸው።

ሰ. መመለስና መቆለፍ። ከጭነቱ በኋላ በቅድሚያ የዊንዶውስ ማሻሻያዎች ይጫናሉ፤ የተቀመጠው መረጃ ተፈትሾ የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። በቤት ውስጥ ያሉ ፍላሾች ሁሉ አብረው መፈተሽ አለባቸው። “ቫይረሱ ተመልሶ መጣ” የሚባለው ብዙ ጊዜ ከመሳቢያ ውስጥ በተረሳ አንድ ፍላሽ ምክንያት ነውና። በተበከለው ኮምፒውተር ላይ ተጽፈው የነበሩ የይለፍ ቃላትም ከንጹሕ መሣሪያ ላይ ሆኖ መለወጥ አለባቸው። ማሽኑ ቢጸዳም የተሰረቀ የይለፍ ቃል አይጸዳም።

ፋይሎች በተቆለፉ ጊዜ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ፋይሎቹ ከነይዘታቸው እንዳሉ በማሰብ ነው። ራንሰምዌር ግን ይዘቱን ራሱን በምሥጢራዊ ቁልፍ ይለውጠዋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 2017 የተነሣው “ዋናክራይ” በአጭር ጊዜ ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተዛመተ፤ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮዎች እንዲሰረዙ አድርጓል። ቫይረሱ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነውን ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ያወጣው በማርች 14 ቀን፣ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነበር። ማሻሻያውን የጫኑ ኮምፒውተሮች በዚህ ቀዳዳ አልተጠቁም።

ፋይሎች ገና በመቆለፍ ላይ ከሆኑ ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋት ያልተነኩትን ሊያድን ይችላል። የተቆለፉትን ፋይሎች ግን ከመሰረዝ ይልቅ በሌላ ዲስክ ገልብጦ ማቆየት ይጠቅማል። የሆላንድ ፖሊስና ዩሮፖል ከሁለት የደህንነት ድርጅቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2016 “ኖ ሞር ራንሰም” የተሰኘ የጋራ ሥራ ጀምረው ለበርካታ የራንሰምዌር ዓይነቶች ነጻ መክፈቻ አውጥተዋል። ዛሬ መክፈቻ የሌለው ዓይነት ነገ ሊገኝለት ይችላል። ገንዘብ መክፈል ግን ለፋይሉ መመለስ ዋስትና አይሆንም።

በጤና ጊዜ የሚሠራ ሥራ

ከሁሉ የሚቀለው ሕክምና አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት መሣሪያ፣ አንዱም ከቤት ውጭ እንዲሆን ይመክራል። ይህ ለቤተሰብ የሚከብድ ቢመስልም በአነስተኛ ወጪ ሊሟላ ይችላል፤ አንዱ ቅጂ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ በውጫዊ ዲስክ፣ አንዱ በዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ። ዋናው ነጥብ ውጫዊው ዲስክ ቅጂው እንዳለቀ መነቀሉ ነው። ሁልጊዜ እንደተሰካ የሚኖር ዲስክ በራንሰምዌር አብሮ ይቆለፋል። ቅጂውንም አልፎ አልፎ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሲከፈት ያልታየ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም።

ማሻሻያ የማያገኝ ስርዓተ ክወናም ቀዳዳው አይደፈንም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ይሰጥ የነበረው ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 7 በ2020፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። በእነዚህ ላይ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ብቸኛ ቅጂ የሆነ መረጃ እንዳያኖርባቸው እንመክራለን።

በማጠቃለያም፣ የተበላሸ ኮምፒውተር ሌላ ይተካዋል፤ ዊንዶውስም እንደገና ይጫናል። የዓመታት ጥናት ወይም የሟች ወላጅ ፎቶግራፍ ግን ብቸኛ ቅጂው ከጠፋ መተኪያ የለውም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለጥገና የሚሰጥ ሰው ከዋጋው በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቅ፤ “ከመጀመርህ በፊት መረጃዬን የት ታስቀምጠዋለህ? መጽዳቱንስ በምን ታረጋግጣለህ?” ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የሌለው ባለሙያ ዘንድ ኮምፒውተሩን አለመተው ይሻላል። ለሁለተኛው “ኮምፒውተሩ ራሱ ምንም የለብኝም አለ” የሚል መልስ ከሰጠም፣ ምርመራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።